የካንዴላን ቀለም አይቶ የነዳጅና የአየር ድብልቅን መለየት፦ ለቮልስ፣ ለላዳና ለድሮ ፊያት ባለቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ እሳት የሚያስነሳው ስፓርክ ፕለግ) ማውጣት ማንም ይችላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከማውጣቱ በፊት መኪናውን እንዴት እንደነዳው ሳያስብ ነው። ጠዋት በጎንደር ብርድ ቾክ ተስቦ የተነሳ፣ ከዚያም ፒያሳን በሁለተኛ ማርሽ እያዘገመ ያቋረጠ መኪና ካንዴላው ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ባለቤቱ ጥቁሩን ያይና "ነዳጅ በዝቶበታል" ብሎ ካርቡሬተሩን ያስቀንሳል። በሳምንቱ ወደ መተማ ሲወርድ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይበሳል።

ስለዚህ አንድ ነገር ያዙ። ካንዴላ የሚናገረው ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች እንዴት ሲሠራ እንደነበር ነው። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሰልፍ ውስጥ ቆሞ መንዶቅዶቅ ከነበሩ የምታነቡት እሱኑ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ ማየትን ሳይሆን ዝግጅትን የሚመለከቱት ለዚህ ነው። አንዱንም አትዝለሉ።

የጎንደር ከፍታ ለምን ይቆጠራል

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር 20 በመቶ ያህል ሳስቷል። የድሮ ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፋብሪካ ለዝቅተኛ ቦታ የገጠመለት ጄት (ነዳጅ በልክ የሚያልፍባት ትንሽ ቀዳዳ ያላት ብሎን) እዚህ ሲመጣ ድብልቁ 10 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይበዛበታል። ለቤንዚን የተሟላ ቃጠሎ የሚሰጠው ድብልቅ በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ነዳጅ ነው። ሞተር ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን 12.5 እስከ 13 እጅ አየር ይበቃዋል። እንግዲህ ትንሽ ነዳጅ መብዛቱ ሞተር አይጎዳም፣ ቤንዚን ይበላል እንጂ። የሚጎዳው ማነሱ ነው። ስትጠራጠሩ ነዳጅ ወደ መብዛቱ አድሉ።

## ደረጃ 1፦ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ

ድብልቁ ትክክል ሆኖ እንኳ ካንዴላ የሚያጠቁሩ ብዙ ነገሮች አሉ። እነሱን ሳታስወግዱ ካርቡሬተር አትንኩ።

1. የቫልቭ ክፍተት ለኩ። ለቮልስም ለላዳም ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዳንድ ቮልስ ሞዴሎች ይለያልና የመኪናችሁን መጽሐፍ እዩ።
2. ፑንቲናውን (ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለውን የእሳት መቆራረጫ) እዩ። ከተቃጠለ ቀይሩት፣ ክፍተቱን 0.40 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ከዚያ የእሳት ታይሚንጉን አስተካክሉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የፑንቲና ክፍተት ሲቀየር ታይሚንግም አብሮ ይቀየራልና።
3. ቾኩ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይናችሁ አይታችሁ አረጋግጡ። ዳሽቦርድ ላይ ገብቷል ማለት ካርቡሬተሩ ላይ ተከፍቷል ማለት አይደለም፤ ሽቦው ይለጠጣል።
4. የአየር ማጣሪያውን አጽዱ ወይም ቀይሩ። በዘይት የሚሠራው የቮልስ የአየር ማጣሪያ ከሆነ አሮጌውን ዘይት ደፍታችሁ እስከ ምልክቱ አዲስ ሙሉ።
5. በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ መጋጠሚያዎች አየር የሚስብ ቦታ እንዳለ ፈትሹ። ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) አስነሱና በመጋጠሚያው ላይ ውሃ ርጩ። ውሃው ሲያርፍ ድምፁ ከተለወጠ ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) አየር ያስገባል። ይህን በቤንዚን የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት መኪና ያቃጥላል፣ አታድርጉት።
6. ኮምፕሬሽን አስለኩ። የመጽሐፉን ቁጥር ግን እዚህ አትጠብቁ። በጎንደር ከፍታ ጤነኛ ሞተርም ከመጽሐፉ አንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። ዋናው የአራቱ መቀራረብ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግሩ ካርቡሬተር አይደለም።
7. ቤንዚኑ ከታመነ ማደያ የተቀዳ ይሁን። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ሞተሩንም ያስንኳኳል። በእንዲህ ያለ ነዳጅ የተነበበ ካንዴላ ለምንም አይሆንም።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ካንዴላ ግዙ

አሮጌ ካንዴላ የቆየ ታሪክ ተሸክሟል። ለንባብ አዲስ አራት ካንዴላ ያስፈልጋል፤ አራቱም የአንድ ብራንድ፣ የአንድ ቁጥር።

ርዝመቱን ለኩ። ቮልስና ላዳ ሁለቱም 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርስ ስላላቸው መለዋወጫ ቤት አንዱን በሌላው ሊሸጥላችሁ ይችላል። የቮልስ ጥርስ ርዝመት 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የላዳ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ረጅሙን ቮልስ ላይ ብትገጥሙት ወደ ውስጥ ተርፎ ይወጣል፣ ፒስተን ሊመታ ይችላል። አጭሩን ላዳ ላይ ብትገጥሙት ደግሞ ባዶ የቀረው የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጥርስ በጥቀርሻ ይሞላና ቀጣዩ ትክክለኛ ካንዴላ አልገባ ይላል።

የሙቀት ቁጥሩን እወቁ። ካንዴላ "ሙቅ" እና "ቀዝቃዛ" አለው። ሙቁ ጫፉ ላይ ሙቀት ይይዛል፣ ቀዝቃዛው ቶሎ ወደ ቴስታታው ይለቃል። የሸክላው ጫፍ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሲደርስ ጥቀርሻውን ራሱ ያቃጥላል። ከ850 ገደማ በላይ ከሄደ ግን እሳቱ ሳይመጣ ነዳጁን ራሱ ማቀጣጠል ይጀምራል። አምራቾች ቁጥሩን የሚጽፉት በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። በኤንጂኬ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዝቃዛ ነው። በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥሩ ሲጨምር ሙቅ ነው። ለተለመደው ቮልስ የኤንጂኬ ቢ5ኤችኤስ (B5HS) ወይም የቦሽ ደብሊው8ኤሲ (W8AC) ይሆናል፤ ለላዳ የኤንጂኬ ቢፒ6ኢኤስ (BP6ES)።

ጥቁር ካንዴላን በሙቅ ካንዴላ ለመፈወስ አትሞክሩ። ቀለሙ ይነጣል፣ በሽታው ግን እዚያው ይቀራል።

ክፍተቱን አስተካክሉ። ከፋብሪካ የመጣውን አትመኑ። ለቮልስ ከ0.6 እስከ 0.7፣ ፑንቲና ላለው ላዳ ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር። ጎባጣዋን ብረት ብቻ በቀስታ አጉብጡ። መሀለኛዋን አትንኩ፣ ሸክላው ይሰነጠቃል።

## ደረጃ 3፦ አሮጌውን አውጡ፣ አዲሱን ግጠሙ

የቮልስም የላዳም ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። በጋለ ሞተር ካንዴላ ብትፈቱ ጥርሱ ተቦጭቆ አብሮ ይወጣል። ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ ጠብቁ።

1. ገመዶቹን በፕላስተር ከ1 እስከ 4 ቁጥር ስጧቸው። ቮልስ ላይ 1 ቁጥር በቀኝ በኩል የፊተኛው ነው፣ 2 ከኋላው፤ በግራ የፊተኛው 3፣ የኋለኛው 4። "ፊት" የሚባለው የመኪናው ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ ስለሆነ ይህን ያዙ። ላዳ ላይ ከራዲያተሩ በኩል 1 ብላችሁ ቁጠሩ። ገመድ ከተሳከረባችሁ የማቀጣጠል ተራው ለቮልስ 1-4-3-2፣ ለላዳ 1-3-4-2 ነው።
2. ገመዱን ሳይሆን ኮፍያውን ይዛችሁ ሳቡ።
3. ካንዴላውን ግማሽ ዙር ብቻ ፍቱ። ከዚያ ዙሪያውን በአየር ንፉ። ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ጎሚስታ ቤት ጎራ በሉ። አቧራውን ሳታነፉ ብታወጡት ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።
4. አዲሱን በጣት ብቻ አስገቡ። ቮልስ ላይ እጅ የማይደርስባቸው አሉ፤ አጭር የጎማ ቱቦ በካንዴላው ጭራ ላይ ሰክታችሁ በቱቦው አሽከርክሩ። ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም።
5. በጣት እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ በቁልፍ ግማሽ ዙር አጥብቁ። ይህ ለአዲስ ካንዴላ ነው፣ ቀለበቱ ገና አልተጨፈለቀምና። አንዴ ገብቶ ለወጣ ካንዴላ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ይበቃል። የቶርክ ቁልፍ ካላችሁ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር።

በጣት አልገባ ካለ፦ ቁም! በቁልፍ አትግፉ። መልሳችሁ አውጡ፣ ጥርሱን አጽዱ፣ ወደ ግራ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና "ጠቅ" ስትል ወደ ቀኝ ጀምሩ። አሁንም እምቢ ካለ ጥርሱ ተበላሽቷል፤ ቶርኖ ቤት ያስፈልጋል።

## ደረጃ 4፦ የንባብ ጉዞ

ቦታ ምረጡ። ከጎንደር ወደ አዘዞ መውረድ አይሆንም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሳትረግጡ በማርሽ ስትወርዱ ሞተሩ የሚስበው የሚኒሞ ድብልቅ ብቻ ነው፤ በቫልቭ ጋይድ በኩልም ዘይት ይስባል። የሚሻለው አዘዞን አልፎ ወደ ቆላ ድባ የሚወስደው የደምቢያ ሜዳ ነው። ከአዘዞ ወደ ጎንደር የሚወጣው ዳገትም ለጭነት ፈተና ጥሩ ነው፣ ትራፊኩ ካልበዛ።

ሁለት የተለያዩ ንባቦች አሉ። በአንድ ቀን አትቀላቅሏቸው።

ሀ. የተለመደ ጉዞ። ሞተሩን አሙቁ፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በአራተኛ ማርሽ፣ እኩል ፍጥነት፣ ነዳጁን ግማሽ ያህል ረግጣችሁ ንዱ።

ለ. ሙሉ ጭነት። ሞተሩ ሙቅ ሆኖ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ቀጥ ባለ ወይም ዳገት በሆነ ቦታ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ በተቻለ መጠን ያዙ። የፍጥነት ገደቡን አትለፉ፣ ዳገት ለዚህ ይጠቅማል።

አጠፋፉ ለሁለቱም አንድ ነው፦

1. ከኋላችሁ መኪና፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከብት አለመኖሩን እዩ።
2. እግራችሁን ከነዳጁ ሳታነሱ ቁልፉን አንድ እርምጃ ብቻ ወደ መዝጊያው አዙሩ፤ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮን ርገጡ።
3. ማርሽ አውጡ፣ እየተንሸራተታችሁ ዳር ያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አታዙሩ፣ አታውጡትም። መሪ መቆለፊያ ባላቸው መኪኖች መሪው እየሄዳችሁ ይቆለፋል። የብሬክ አጋዥ ያለው መኪና ሞተሩ ሲጠፋ ብሬኩ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠጥራል። በመጀመሪያው ርግጫ ቁሙ፣ እየነካካችሁ አትጨርሱት። አጠገባችሁ ሰው ቢኖር ይመረጣል።

ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ መልሳችሁ ብታስነሱት፦ ንባቡ ጠፋ። ለግማሽ ደቂቃ እንኳ በሚኒሞ ቢሠራ ጥቀርሻ ከላይ ይለብሳል። ጉዞውን እንደገና አድርጉ።

## ደረጃ 5፦ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ አውጡ

ሞተሩ እንደገና ካልተነሳ በስተቀር የካንዴላው ቀለም አይለወጥም፣ ስለዚህ አትቸኩሉ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቡና ጠጡ። በየቁጥራቸው አውጥታችሁ ካርቶን ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች ደርድሯቸው። በጨርቅ አትጥረጉ፣ በጣት አትንኩ።

## ደረጃ 6፦ ማንበብ

በፀሐይ ብርሃን እዩ። የጋራዥ ቢጫ አምፖል ነጩን ቡናማ ያስመስለዋል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ተጠቀሙ።

መጀመሪያ አራቱን አወዳድሩ። አንድ ካርቡሬተር ባለው ሞተር አራቱም ከተመሳሰሉ ስለ ድብልቁ መናገር ትችላላችሁ። ሦስቱ አንድ ሆነው አንዱ ከተለየ ግን ጄት አትንኩ፤ የዚያ ሲሊንደር የግሉ ችግር ነው። ገመዱን፣ ኮምፕሬሽኑን፣ አጠገቡ የሚያስገባ ጓርኒሲዮን ፈልጉ። ከ1971 በፊት የተሠራ ቮልስ ላይ 3 ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ቢነጣ አትደንግጡ፤ የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚከልል ድሮም ይግላል። በጣም ከነጣ ግን የንፋስ መከለያ ቆርቆሮዎቹ ሙሉ መሆናቸውን ቁጠሩ።

የት ነው የሚታየው? ብዙ ሰው የሸክላውን ጫፍ አይቶ ይፈርዳል። ጫፉ ስለ ሙቀት ነው የሚናገረው። ድብልቁን የምታገኙት ሸክላው ወደ ብረቱ ውስጥ በሚጠልቅበት፣ ከታች፣ ቀለበት ሆኖ ነው። ባትሪ አብርታችሁ ወደ ውስጥ እዩ። ለሙሉ ጭነት ንባብ በተለይ ከዚያ ቀለበት ውጭ ሌላውን አትመኑ፣ አዲስ ካንዴላ ላይ ቀሪው ሸክላ ነጭ ሆኖ ሊቆይ ይችላልና። የውጩ የብረት ጠርዝ ደግሞ ስለ ሚኒሞና ስለ ዝግታ ጉዞ ነው። እሱ ትንሽ ቢጠቁር ችግር የለውም።

ስለ ቀለሙ ማወቅ ያለባችሁ። የድሮ መጻሕፍት "ቡናማ ይሁን" ይላሉ። የተጻፉት ቤንዚን እርሳስ በነበረበት ዘመን ነው። የዛሬ ቤንዚን እርሳስ የለውም፣ ቀለሙም ይሳሳል። ዛሬ ጥሩ ካንዴላ በጣም የቀጠነ የማኪያቶ ቀለም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው። የመጽሐፉን ጥቁር ቡናማ ለማግኘት ነዳጅ የምትጨምሩ ከሆነ አላስፈላጊ ቤንዚን እያቃጠላችሁ ነው።

አሁን ወደ ምልክቶቹ፦

- ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ደረቅ፦ ደህና ነው። አትንኩት።
- ደረቅ ጥቁር፣ በጣት ሲነካ የሚለቅ ጥቀርሻ፦ ነዳጅ በዝቷል፣ ወይም እሳቱ ደክሟል። ቦቢናውንና ኮንዴንሰሩን ሳትፈትሹ አትፍረዱ።
- እርጥብ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፦ ዘይት ነው። የፒስተን ፋሻ ወይም የቫልቭ ጋይድ አልቋል። በካርቡሬተር የሚስተካከል ነገር የለም።
- እርጥብና ቤንዚን የሚሸት፦ ያ ሲሊንደር ጭራሽ አልተቀጣጠለም።
- ነጭ፣ ደረቅ፣ የተጠበሰ የሚመስል፦ ነዳጅ አንሷል ወይም ታይሚንጉ ቀድሟል። ጎባጣዋን ብረት እዩ፤ የሙቀቱ ቀለም መለወጫ መስመር ከመታጠፊያዋ አልፎ ወደ ሥሯ ከወረደ ታይሚንጉን ተጠራጠሩ።
- ሸክላው ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች፣ ወይም የቀለጠ ብረት፦ መኪናውን አትንዱ። ነጠብጣቦቹ ከፒስተኑ የወጣ አሉሚኒየም ናቸው። በጉተታ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።
- ላዳና ፊያት ላይ አንዱ ብቻ ታጥቦ የጸዳ ከሆነ፦ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን አስፈትሹ።

## ደረጃ 7፦ ማስተካከል

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ነዳጅ ከበዛ በዚህ ተራ ሂዱ፦ የአየር ማጣሪያ፣ ቾክ፣ ከዚያ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊና መርፌው። መርፌው ካልዘጋ ነዳጁ ከልኩ በላይ ይሞላል፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ወደ ካርቡሬተሩ ጉሮሮ ስታዩ የሚንጠባጠብ ካለ እሱ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ጄት ወደ መቀየር እለፉ።

ነዳጅ ካነሰ፦ የሚያስገባ ጓርኒሲዮን፣ የነዳጅ ማጣሪያ፣ የታንከር ክዳን መተንፈሻ፣ የተደፈነ ጄት። ጄት በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ቀዳዳው ከፋ ማለት ልኩ ጠፋ ማለት ነው። በአየር አስነፉት።

ብሎኗና ጄቱ አንድ አይደሉም። ከካርቡሬተሩ ውጭ በካቻቢቴ የምትዞረዋ የድብልቅ ብሎን የምትገዛው ሚኒሞን ብቻ ነው። በጉዞ ንባብ ጥቁር ያያችሁትን እሷን በማጥበቅ አታነጡትም፤ ሚኒሞው ይበላሻል እንጂ። ሶሌክስና ዌበር ላይ ስትጠብቅ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ስትላላ ይጨምራል። መነሻዋ በቀስታ እስክትነካ ጠብቃ ከአንድ ዙር ተኩል እስከ ሁለት ዙር ተኩል መላላት ነው፤ ከዚያ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ድምፁ እስኪያምር ድረስ። አስገድዳችሁ ካጠበቃችኋት ጫፏ ይጎዳል።

ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 125 ማለት 1.25 ሚሊ ሜትር። አንድ እርምጃ ብቻ ውረዱ፣ ለምሳሌ ከ127.5 ወደ 125። ከዚያ ደረጃ 4ን ድገሙ። ንባቡ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ እዚያው ቁሙ። "ትንሽ ብቀንስ ቤንዚን ይቆጥባል" ብሎ አንድ እርምጃ የሚጨምር ሰው ነው ፒስተን የሚያስቀይረው።

## ደረጃ 8፦ ከጎንደር ውጭ ስትወጡ

እዚህ አስተካክላችሁ ወደ ደባርቅ ብትወጡ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንሽ ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። አትንኩት።

ወደ መተማ ስትወርዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከተማዋ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ነዳጅ ያንሰዋል፣ የቆላው ሙቀት ደግሞ ሞተሩን ለማንኳኳት ያጋልጠዋል። ጎንደር ላይ ጄት ቀንሳችሁ ከሆነ የድሮውን ትልቁን ጄት ይዛችሁ ውጡና ከመውረዳችሁ በፊት መልሱት፤ ሥራው ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ዳገት ላይ የጠጠር ድምፅ የሚመስል ማንኳኳት ከሰማችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። ሲቀዘቅዝ አንድ ካንዴላ አውጥታችሁ እዩ፤ ቮልስ ከሆነ 3 ቁጥርን። ከነጣ በዝግታ ንዱ፣ ነዳጁን ከግማሽ በላይ አትርገጡ፤ የሚያብረቀርቅ ነጠብጣብ ካያችሁ ግን ከዚያ አታንቀሳቅሱት።